የኢንተርኔት ፍሰትን በራውተር ላይ በቅደም ተከተል ማስተናገድ

ከኩዌት ከተማ በስተደቡብ፣ በአህመዲ ግዛት የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ፊንጣስ አፓርታማ ተጋርተው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ራውተር የሁሉም መገናኛ ነው። ኩዌትና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው፣ ቤተሰብ በስልክ የሚገኝበት ምሽት የቤቱ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ምሽት ነው። አንዱ ፊልም ሲያወርድ፣ የሌላው ስልክ ፎቶዎችን ወደ ማከማቻ ሲልክ፣ ከእናቷ ጋር የምትነጋገረዋ ድምፅ ይቆራረጥባታል።

የችግሩ ምንጭ

ብዙዎች ፍጥነቱ አነሰ በማለት ውድ ጥቅል ይገዛሉ። ሆኖም አንድ የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ከ100 ኪሎ ቢት የማይበልጥ አቅም ይበቃዋል። ጥሪውን የሚጎዳው ወረፋ ነው። በወፍጮ ቤት አንድ ቁና እህል የያዘች ሴት አሥር ኩንታል ከሚያስፈጭ ነጋዴ ኋላ እንደምትጠብቅ ሁሉ፣ ትንሿ የድምፅ መረጃም ከትልልቅ ፋይሎች ኋላ ትሰለፋለች። ፋይል ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ ድምፅ ግን ከዘገየ አይጠቅምም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአብዛኛው የድምፅ ግንኙነት የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሰው በሚበዛበት ምሽት የማውረጃውንና የመላኪያውን ፍጥነት ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ቀጥሎ በራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1፣ በማሰሻ ከፍቶ በአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል መግባት ይገባል። ይህ የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ ነው።

«ኪው ኦ ኤስ» የተባለው ክፍል ከተገኘ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ከተለካው ፍጥነት ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ወሰን አድርጎ ማስገባት ተገቢ ነው። ጥቂት ፍጥነት መተው ኪሳራ ቢመስልም፣ ወረፋው በአገልግሎት ሰጪው መሣሪያ ዘንድ ሳይሆን በራውተሩ ውስጥ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ራውተሩም ተራውን የማስከበር ሥልጣን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ለጥሪ ከፍተኛውን፣ ፋይል ለማውረድ ዝቅተኛውን ደረጃ መስጠት ነው። የተመሰጠረ ጥሪን አንዳንድ ራውተር ለይቶ ስለማያውቀው፣ በመተግበሪያው ፈንታ የደዋዩን ስልክ መምረጥ ይቻላል። ለሁሉም ቅድሚያ መስጠት ግን ለማንም አለመስጠት ነው። «ኤፍ ኪው ኮዴል» ወይም «ኬክ» የተባለ አማራጭ ያለው ራውተር ስልክ መምረጥ ሳያስፈልግ ወረፋውን በራሱ ያከፋፍላል። በመጨረሻም አንድ ትልቅ ፋይል እየወረደ በመደወል ውጤቱን መፈተን ይገባል።

ወሰኑ

ራውተር የሚያዝዘው በቤቱ ደጃፍ የሚያልፈውን ፍሰት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ባለው መንገድም ሆነ በኢትዮጵያ በኩል ያለውን መቆራረጥ አያስተካክልም። በኩዌት ከ2019 ወዲህ በተስፋፋው የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ራውተር ደግሞ ፍጥነቱ እንደ ተጠቃሚው ብዛት ስለሚለዋወጥ፣ ወሰኑን በዝቅተኛው ልኬት ላይ መመሥረት ይሻላል። ራውተሩ ይህ ክፍል ከሌለው፣ የቤቱ ነዋሪዎች ትልልቅ ፋይሎችን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለማውረድ ቢስማሙ ምሽቱ ለጥሪ ይተርፋል።