ሳንሱር ሳይኖር ዝም ያለ ፕሬስ

«የመንግሥት ሚዲያ ነው እንጂ የሚዋሸው፣ የግሉማ ነፃ ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እኛ አገር ሳንሱር ሲባል ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሹም ነው የሚታየን። ስለዚህ ሹሙ ከተነሳ እውነት በራሷ ጊዜ ብቅ የምትል ይመስለናል። ዛሬ የማጫውታችሁ ሹሙ በሌለበት አገር የሆነውን ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከድሮው እንጀምር። ፌብሩዋሪ 15፣ 1898 ሜይን የምትባል የአሜሪካ የጦር መርከብ ኩባ፣ ሀቫና ወደብ ላይ እንደቆመች ፈነዳች። ከ260 በላይ ሰው አለቀ። ያን ጊዜ ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ባለጋዜጦች፣ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስትና ጆሴፍ ፑሊትዘር፣ አንባቢ ይሻሙ ነበር። ምርመራው ሳያልቅ የኸርስት ጋዜጣ ጥፋቱን ስፔን ላይ ለጠፈው፤ አጥፊውን ላጋለጠ 50,000 ዶላር እሸልማለሁ ብሎም አወጀ። ጋዜጣው ተቸበቸበ። በኤፕሪል ጦርነቱ ተጀመረ። ጦርነቱን ጋዜጦቹ ብቻቸውን አመጡት ማለት አይቻልም፣ የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ግን በ1976 አድሚራል ሃይማን ሪኮቨር የመራው ጥናት ፍንዳታው የመጣው ከመርከቧ ከራሷ ሆድ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ደመደመ። ከ78 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«ያ የድሮ ነው፣ ዛሬ ጋዜጠኛው የተማረ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ 2002 እንምጣ።

ሴፕቴምበር 8፣ 2002 እሑድ ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ላይ፣ ስማቸው ያልተጠቀሰ ባለሥልጣናትን ምንጭ አድርጎ፣ ኢራቅ ለኑክሌር ሥራ የሚሆኑ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ለመግዛት ስትሞክር ነበር ብሎ ጻፈ። በዚያው ጠዋት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዲክ ቼኒ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ስለ ቱቦዎቹ ሲያወሩ ያንኑ ጋዜጣ ጠቀሱ። ልብ በሉ፤ ባለሥልጣናት ለጋዜጣው ሹክ አሉ፣ ጋዜጣው ጻፈ፣ ባለሥልጣን ደግሞ «ጋዜጣው እኮ ጻፈው» አለ። ከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። የአገሪቱ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ግን ቱቦዎቹ ለዚያ ሥራ መዋላቸውን ይጠራጠሩ ነበር።

ይህን ጥርጣሬ ፈልጎ የሚጽፍ ጠፍቶ ነበር? አልጠፋም። ናይት ሪደር የሚባል፣ ከዋና ከተማዋ ውጭ ብዙ ጋዜጦች የነበሩት ኩባንያ ነበር። የእሱ ጋዜጠኞች ጆናታን ላንዴይና ዋረን ስትሮብል ከሚኒስትሮቹ ይልቅ ከታች ያሉትን፣ ሰነዱን በእጃቸው የሚይዙትን ባለሙያዎች ጠየቁ። የሰሙትንም ጻፉ፦ ማስረጃው የተባለውን ያህል አይደለም። ግን ማን ያንብባቸው? ከኩባንያው ከራሱ ጋዜጦች እንኳ ዘገባቸውን ሳያወጡ የቀሩ ነበሩ።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ የባሰ ነው። ኤምኤስኤንቢሲ ላይ ፊል ዶናሁ የሚባል አንጋፋ አዘጋጅ ጦርነቱን የሚቃወሙ እንግዶች ያቀርብ ነበር። በፌብሩዋሪ 2003፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ተመልካች አጥቶ እንዳትሉ፣ በጊዜው ከጣቢያው ፕሮግራሞች ሁሉ ብዙ ተመልካች የነበረው እሱ ነው። በኋላ ሾልኮ የወጣው የውስጥ ሰነድ ምክንያቱን ነገረን፦ ተፎካካሪ ጣቢያዎች ባንዲራ እያውለበለቡ ሳለ የእኛ ጣቢያ የጦርነት ተቃዋሚዎች ቤት ይመስላል የሚል ስጋት። ከመንግሥት የመጣ ትእዛዝ አልነበረም፤ የገበያ ስሌት ነበር።

ውጤቱን በቁጥር እንየው። ፌር የተባለ የሚዲያ ታዛቢ ድርጅት በ2003 መጀመሪያ ላይ የአራት ትልልቅ ጣቢያዎችን የምሽት ዜና ለሁለት ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ስለ ኢራቅ ከተናገሩት 393 ሰዎች ውስጥ ከፀረ ጦርነት ቡድኖች የመጡት 3 ብቻ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 15 ላይ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች አደባባይ የወጡት በዚያው ሰሞን ነው።

በዚያው ዓመት የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሕዝቡን ሦስት የተሳሳቱ ነገሮች ጠየቁት፤ ለምሳሌ «የጅምላ ጨራሽ መሣሪያው ተገኝቷል» የሚለውን። ዜና በዋናነት ከፎክስ ከሚያዩት 80 በመቶው ቢያንስ አንዱን አምኗል። ለትርፍ ያልቆሙትን የሕዝብ ጣቢያዎች ከሚከታተሉት ግን 23 በመቶው ብቻ። «ሰው የሚስማማውን ጣቢያ መርጦ ነው የሚያየው» ብትሉኝ እቀበላለሁ። ችግሩም እሱ ነው፤ ነጋዴ ደንበኛው የሚወደውን ያቀርባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያ ሕዝብ ሞኝ አልነበረም። በሴፕቴምበር 11፣ 2001 ወደ 3,000 ሰው ገና ቀብሮ ነበር። ሐዘኑም የአገር ፍቅሩም እውነት ነው። ሚዲያው ያደረገው ያንን እውነተኛ ስሜት ወስዶ ከሙዚቃና ከባንዲራ ጋር መልሶ መሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ «ማስረጃው የታለ?» ብሎ መጠየቅ ሟቾቹን እንደ መስደብ ተቆጠረ። ዲክሲ ቺክስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ድምፃዊት በማርች 2003 ለንደን መድረክ ላይ ፕሬዚዳንቱን ተችታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ብዙ ሬዲዮ ጣቢያዎች ዘፈናቸውን ማጫወት አቆሙ፣ ሲዲያቸው በአደባባይ ተደቀቀ። የአሰራት ፖሊስ አልነበረም፣ ግን ሌላው ሁሉ አይቶ አፉን ያዘ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ጠራ። መሣሪያውን እንዲፈልግ የተላከው ዴቪድ ኬይ በጃንዋሪ 2004 ሴኔት ፊት ቀርቦ ሁላችንም ለማለት ይቻላል ተሳስተን ነበር አለ። በሜይ 26፣ 2004 ኒው ዮርክ ታይምስ ዘገባዎቹ ጉድለት እንደነበራቸው አመነ። የቱቦው ወሬ ፊት ገጽ ላይ ነበር የወጣው፤ ማስተካከያው 10ኛው ገጽ ላይ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እስኪጠራ ድረስና ከዚያም በኋላ ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮችና ከ100,000 በላይ የኢራቅ ሲቪሎች አለቁ።

«እኛን ምን አገባን?» ለምትሉ፦ በማርች 2003 ዋይት ሐውስ ጦርነቱን ይደግፋሉ ብሎ ካወጣው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት እርስ በርስ የተዋጋናት ኤርትራም እዚያው ነበረች።

ከዚያ በላይ ግን የሚያገባን ሌላ ነው። እኛም ጠያቂን ዝም የምናሰኝበት የራሳችን ቃል አለን፦ ባንዳ። ቃሉ ለጠላት ያደረ ሰው መጠሪያ ነበር። ዛሬ «ምንጭህ ማን ነው?» ያለ ሁሉ ይለጠፍበታል። ዩቲዩብ ደግሞ በእይታ ይከፍላል፤ እይታ የሚያመጣው ቁጣና ሽለላ እንጂ ጥርጣሬ አይደለም። የኸርስት ገበያ በእያንዳንዳችን ኪስ ገብቷል፣ ጦርነት ደግሞ ለእኛ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም።

አገሩን የሚወድ ሰው ልጁን ጦር ሜዳ ከመላኩ በፊት ይጠይቃል። ይህን የሚለው ማን ነው? ከራሱ ውጭ ያየ ሌላ ሰው አለ? ወሬው ሲራገብ ማን ገንዘብ ያገኛል? «አይደለም» ያሉትስ የት ገቡ? ተማሪዎቼ የነበራችሁ ይህን ጥያቄ ታውቁታላችሁ፣ ፈተና ላይ ስጠይቃችሁ ነው የኖርኩት። አሁን ደስ ያላችሁን ዜና ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁት። ያናደዳችሁንማ ሁላችንም እንጠይቃለን፤ ከባዱ ደስ ያለንን መጠየቅ ነው።