ሬትሮስፔክቲቭ

በአጃይል ዘዴ የሚሠሩ የሶፍትዌር ቡድኖች በእያንዳንዱ ስፕሪንት (አጭር የሥራ ዙር) መጨረሻ ስለ ምርቱ ሳይሆን ስለ ራሳቸው አሠራር የሚነጋገሩበት ስብሰባ ነው፤ ባጭሩ «ሬትሮ»። በ2001 እ.ኤ.አ. ዩታ፣ ስኖውበርድ ላይ 17 ሰዎች የተስማሙበትን የአጃይል ማኒፌስቶ ከሚያጅቡት 12 መርሆች የመጨረሻው ይህንኑ ይጠይቃል፦ ቡድኑ በየጊዜው ቆም ብሎ አካሄዱን ያስተካክል።

«ግምገማ» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ አልቀበለውም። በመሥሪያ ቤቶቻችን ግምገማ ሲባል ሂስና ግለ ሂስ፣ ቃለ ጉባኤና የአለቃ ዓይን አብረው ይመጣሉ፤ እዚያ የተቀመጠ ፕሮግራመር የሚመርጠው ዝምታን ነው። ሬትሮ ግን ማን አጠፋ አይልም። የተጻፈው ኮድ አንድ የሚያየው ሰው አጥቶ ለምን ቀናት ቆየ? ያላለቀው ሥራ ለምን ወደ ቀጣዩ ስፕሪንት ተንከባለለ? ስለ ሬትሮስፔክቲቭ መጽሐፍ የጻፈው ኖርም ከርዝ የስብሰባው መነሻ ያደረገው፣ ሁሉም በወቅቱ በነበረው ዕውቀትና አቅም የሚችለውን እንደሠራ ማመንን ነው። (አለቃ ባለበት ይህን ማመን ከባድ መሆኑ አይካድም።)

ስክራም የተባለው የአጃይል ስልት መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት ሬትሮ ከ3 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። ከስብሰባው አንድ ማሻሻያ እንኳ ወደ ቀጣዩ ስፕሪንት ዕቅድ ካልገባ፣ ሰዓቱን ለኮድ ብታውሉት ይሻላል።