ካሪዮኮር፦ ከሸክም የተወለደ የሰፈር ስም

ከኢስሊ ወደ ናይሮቢ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው ካሪዮኮር የሚለውን ስም በየጊዜው ይሰማል። የማታቱ ረዳት ይጠራዋል፤ የቆዳ ጫማ ወይም «ኪዮንዶ» የተባለውን የሲሳል ቅርጫት የሚሻ ገበያተኛም ያውቀዋል። ስሙ ሲነገር የአገሬው ቋንቋ ይመስላል። ምንጩ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ «ካሪየር ኮር»፣ ማለትም «የተሸካሚዎች ጓድ» ከሚለው የሠራዊት ክፍል መጠሪያ የመጣ ነው።

በእንግሊዝኛ «ካሪየር» ብዙ ትርጉም ያለው ቃል ነው። በራሱ ወይም በጀርባው ሸክም የሚሸከም ሰው ካሪየር ነው፤ ዕቃና መንገደኛ የሚያጓጉዝ ድርጅትም በዚሁ ስም ይጠራል። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠመው የዕቃ መጫኛ፣ የጦር አውሮፕላኖችን ይዛ ባሕር የምታቋርጠው መርከብ፣ እንዲሁም ራሱ ሳይታመም በሽታን ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ፍጡር ሁሉ ካሪየር ይባላሉ። አማርኛ ለእነዚህ ተሸካሚ፣ አጓጓዥ፣ ጫኝ፣ አስተላላፊ እያለ ለየብቻ ቃል ይሰጣል። ይሁን እንጂ «ሸክም» በአማርኛም ከዕቃነት አልፎ ኃላፊነትንና ዕዳን ይጨምራል። በካሪዮኮር ታሪክ ውስጥ ከእነዚህ ትርጉሞች አብዛኞቹ ይገናኛሉ።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1914 ሲፈነዳ የዛሬይቱ ኬንያ በእንግሊዝ፣ የታንዛኒያ ዋና ምድር ደግሞ በጀርመን እጅ ነበሩ። የጀርመኑ ጦር መሪ ፓውል ፎን ሌቶቭ ፎርቤክ ወሳኝ ውጊያን እየሸሸ ባላጋራውን በሰፊው ምድር ላይ አንከራተተው። ከባቡር ሐዲድ ርቆ ለሚጓዝ ሠራዊት ጥይቱ፣ ዱቄቱና መድኃኒቱ በምን ይደርሳል? መኪና የሚያስኬድ መንገድ እምብዛም አልነበረም፤ ያለውም በዝናብ ወራት ጭቃ ይሆናል። ፈረሱን፣ በቅሎውንና በሬውን ደግሞ ገንዲ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ፈጃቸው። እንግዲህ በሽታ ተሸካሚው ዝንብ ዕቃ ተሸካሚውን እንስሳ ገደለ፤ የእንስሳውም ጭነት በሰው ራስ ላይ ወጣ።

አንድ ሰው የሚሸከመው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። መርካቶ ውስጥ ኩንታል የሚያነሳ ኩሊ ያየ ሰው ይህን ቀላል ሊለው ይችላል። ነገር ግን ያ ከመኪና እስከ መጋዘን ሲሆን፣ ይኸኛው በረሃና ረግረግ እያቋረጡ ለወራት የሚሄዱበት ነው። ሒሳቡም የከፋ ነበር። በቀን 1 ኪሎ ዱቄት የሚመገብ ሰው 25 ኪሎ ይዞ የ10 ቀን መንገድ ሄዶ ቢመለስ፣ 20 ኪሎውን ራሱ ይበላዋል፤ ለግንባሩ የሚተርፈው 5 ኪሎ ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። በዚያ ጦርነት ግን ሰው በበዛ ቁጥር የሚመገበው አፍም ስለሚበዛ ሸክሙ ይከብድ እንጂ አይቀልም ነበር።

ጓዱ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲቋቋም አዛዡ ኦስካር ዋትኪንስ የተባለ የቅኝ አስተዳደሩ ሹም ነበር። በ1915 በወጣ ሕግ ምልመላው ግዴታ ሆነ። በ1916፣ ማለትም የሰገሌ ጦርነት በኢትዮጵያ በተካሄደበት ዓመት፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ጀርመኖች ግዛት ዘልቆ ሲገባ የተሸካሚ ፍላጎት እጅግ ናረ። በ1917 ጆን ኤይንስወርዝ ምልመላውን እንዲመሩ ተሾሙ፤ ወጣቶችም ከየመንደሩ በገፍ ተወሰዱ። የብዙዎቹ ገዳይ ጥይት አልነበረም። ከደጋ የመጣውን ሰው የቆላው ወባ፣ ያልለመደውና በወጉ ያልበሰለ ምግብ ያስከተለው ተቅማጥ፣ እንዲሁም የሳንባ ምች ጨረሱት። በእንግሊዝ በኩል የዘመቱት ተሸካሚዎች ወደ 1 ሚሊዮን እንደሚጠጉ፣ ከእነዚህም 100,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። የጀርመኑ ጦርም ስንቁን ያንቀሳቀሰው እንዲሁ በሰው ጫንቃ ነበር።

የናይሮቢው የተሸካሚዎች ሰፈር በተመሠረተበት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች መኖሪያ ሠራ፤ ስሙም ጸና። በዳሬሰላም የሚገኘው ታላቁ የካሪያኮ ገበያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ጓድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ዛሬ ኬንያታ ጎዳና በሚባለው ሥፍራ የሦስት ሰዎች የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ ከሦስቱ አንዱ ተሸካሚ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዓረብኛ የተቀረጸው ቃል ለአገሩ የሞተ ሰው ስም በልጆቹ ዘንድ እንደማይረሳ ይናገራል። የአንድም ተሸካሚ ስም ግን አልተጻፈበትም። የጦር ሙታንን መቃብርና መታሰቢያ የሚጠብቀው የኮመንዌልዝ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በተለይ ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ የዘመቱ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሟቾች በስም ወይም ጨርሶ ሳይታወሱ መቅረታቸውን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል።

ይቅርታው የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መታሰቢያቸውን ያቆየው ባዕዱን ቃል ለምላሱ እንዲመች አድርጎ የሰፈር ስም ያደረገው ሕዝብ ነበር። የብዙዎቹ ስም ጠፍቷል፤ የሥራቸው ስም ግን የማታቱ ረዳት ካሪዮኮር ብሎ በተጣራ ቁጥር ይነሣል።