ውሃው ወዴት ይሂድ?

እስቲ ጠጋ በሉና የአንድ ግድግዳ ታሪክ ልንገራችሁ።

ግድግዳው ያለው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር ነው። ከላይ በኩል ጋሼ ይኖራሉ፤ ከታች በኩል እኔና እናቴ። ድሮ አንድ ሰፊ ቤት ነበር። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ የቀበሌ ቤት ሆነ። መሐል ላይ የቆመው ግድግዳ የጭቃ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ ገብቶበት የተቦካ ጭቃ። ጋሼ ማዶ ሆነው ሲያስነጥሱ እናቴ ከዚህ «ይማርዎ» ትላለች። እኛ ቡና መውቀጥ ስንጀምር እሳቸው ጫማቸውን ፍለጋ ይነሳሉ። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ ጋሼ ግንበኛ አመጡ። የልጅ ልጃቸው አስም አለባት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከግድግዳው እግር የሚነሳው ሻጋታ ደረቷን ያፍነዋል። ወጣቱ ግንበኛ የግድግዳውን እግር በሬንጅ ቀባ፣ ሽቦ ወጠረ፣ ከወለሉ እስከ ወገብ በሲሚንቶ ለሰነ። ጋሼ ጠርተው አሳዩን። እናቴ ልስኑን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ «እሰይ! ልጅቷ ትተንፍስበት» ብላ መረቀች።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፤ አብዛኛው የሚወርደው በዚሁ በክረምት ነው። አንድ ሌሊት እናቴን ሳል ሲያስጨንቃት ተነሳሁና አልጋዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ነካሁ። ጭቃው ላይ የለጠፍነው የድሮ ጋዜጣ እንደ ራሰ እንጀራ ተነፍቶ ከጣቴ ጋር ተላጠ። ከስሩ ያለው ጭቃ ይቀዘቅዛል፤ ሽታውም እንደተከደነ ጉድጓድ ነው። በየክረምቱ ርጥበት ያውቀናል፤ ግን ከቁርጭምጭሚት አልፎ አያውቅም ነበር። አሁን ከትራሷ በላይ ወጥቷል።

ጠዋት ቁጣዬን ይዤ የጋሼን በር አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ ውሃዎን ወደ እኛ ሰደዱብን» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «የልጄን ልጅ ላሳክም ብዬ ነው እንጂ ማንን ልበድል ነው?» አሉና በሩን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋሼ ሲያስነጥሱ ከእኛ ቤት ድምፅ የሚያወጣ ጠፋ።

ክሰሱ ያለን አልጠፋም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። ሕጉ የሚናገረው ስለ ባለሀብት ነው፤ እኛ ሁለታችንም የቀበሌ ቤት ተከራይ ነን። ቢሆንም መንፈሱ ለእኛም ሳይሠራ አይቀርም ነበር። ግን ክርክር ሲጎተት እናቴ የምትተኛው እዚያው ርጥብ ግድግዳ ስር ነው።

በፍልሰታ ጾም እናቴ ቡና አፈላች። ቆሎ አቀረበችና እኔን ሳታማክር ጋሼን ጠራች፤ በዕድራችን ያሉትን አንድ አዛውንት ግንበኛም አስጠራች። እኚህ ሰው በዚህ ሰፈር ስንት የጭቃ ቤት አቁመዋል። መጀመሪያ ከጋሼ በኩል ገብተው ሲሚንቶውን በጣታቸው አንጓ ቆረቆሩት። አንዳንዱ ቦታ እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። አንዱን ጥግ በመሮ ሲያነሱት ቁራጩ ተገነጠለ፤ ፊቱ ደረቅ፣ ጀርባው ከሊጥ የረጠበ ነበር።

ወደ ቡናው ተመለስን። አዛውንቱ ከማገር ላይ የረገፈ ደረቅ የጭቃ ጓል አነሱና ጥቂት ውሃ ባለበት የስኒ ማስቀመጫ ላይ አቆሙት። ሁላችንም ዝም ብለን አየን። ጥቁሩ ርጥበት ከስር ተነስቶ፣ ኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ።

«አያችሁ? ጭቃ ከመሬት ውሃ ይጠጣል» አሉ። «የጠጣውን ደግሞ በሁለቱም ፊቱ እየተነፈሰ ያወጣዋል። ጋሼ፣ የእርስዎ ሲሚንቶ ውሃውን አላደረቀውም፤ መውጫውን ነው የዘጋበት። ታዲያ ወዴት ይሂድ? አንዱም ወደ ላይ፣ አንዱም ወደ እነዚህ። መሐል ያለው እንጨት ደግሞ ከበሰበሰ ምስጥ ይገባበታል፤ ያኔ ቤቱ የሚወድቀው በሁለታችሁም ላይ ነው።»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እናቴ ዞሩ። «እትዬ፣ ሳልዎን በግድግዳው እሰማ ነበር። እንዴት ብዬ ልምጣ? አፍሬ ነው» አሉ። እናቴ ሁለተኛውን ቀዳችላቸው። እኔም ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ከዚያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ልናይ በጓሮ ወጣን። የጋሼ ቆርቆሮ አሸንዳ ጫፉ ተሰብሮ፣ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ ከግድግዳው ራስ ስር ያፈሳል። መሬቱም ወደ ግድግዳው ያዘነበለ ነው። ስንት ክረምት ሲፈስ ማናችንም ቀና ብለን አላየንም።

የተደረገውን ላሳጥረው። ከወረዳው የጥገና ፈቃድ ጠየቅን። አሸንዳውን አስቀጥለን ውሃውን ከግድግዳው አራቅነው። ከግድግዳው ራስ ጀምሮ ቦይ ቆፍረን ጠጠር ሞላንበት። መሬቱንም ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ አድርገን ደለደልነው። ሲሚንቶው ከነሬንጁ ተፈቅፍቆ ወጣ፤ እኛም ጋዜጣችንን ላጥነው። አዛውንቱ በርጥቡ ላይ መለሰን የለም ስላሉን በጋውን ሙሉ ግድግዳውን ራቁቱን ተውነው። የበሰበሰው ቋሚ ተለወጠ። የካቲት ላይ በሁለቱም በኩል በጭድና በጭቃ ተመረገ፤ በላዩ ላይ ኖራ ተቀባ። ወጪውን እኩል ተካፈልን።

ወገኖቼ፣ ጎረቤቱ ግድግዳ ሊያስለስን ሲዘጋጅ የሰማ ሰው ካለ፣ ሲሚንቶው ሳይቦካ ሄዶ ቡና ይጠጣ። የሚያስለስነውም ሰው ግንበኛውን «ውሃው ወዴት ይሂድ?» ብሎ ይጠይቀው። ግንበኛው መልስ ከሌለው ሥራው አይጀመር።

አሁን በየዓመቱ ሰኔ ሳይጠባ ጋሼና እኔ ቦዩን አብረን እንጠርጋለን። ዶማው የሚቀመጠው እሳቸው ቤት ነው፤ አካፋው እኛ ቤት።