የማተሚያ ወረቀት መጠን

የማተሚያ ወረቀት መጠን በየቢሮው፣ በየማተሚያ ቤቱና በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሠራበትን ሉህ ወርድና ቁመት የሚወስን ደረጃ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አገር የሚጠቀመው ኤ4 ወርዱ 210፣ ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በሜክሲኮና በፊሊፒንስ የተለመደው ሌተር ደግሞ 8.5 በ11 ኢንች ነው፤ በሚሊ ሜትር 215.9 በ279.4 ይሆናል። ሌተር ከኤ4 በወርድ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበልጣል፣ በቁመት ግን 18 ያህል ያንሳል።

የኤ4 ብልጫ ያለው በስሌቱ ነው። ቁመቱ ለወርዱ ሲካፈል የ2 ካሬ ሥር፣ ማለትም 1.414 ገደማ ስለሚሆን፣ ሉሁ ከወገቡ ሲቆረጥ ግማሹም ያንኑ ቅርጽ ይይዛል። በፎቶ ኮፒ ማሽኖች ላይ የሚታየው 71 በመቶ የመጣው ከዚህ ነው፤ የኤ4 እጥፍ የሆነው ኤ3 በዚህ ልክ ሲያንስ ኤ4 ላይ ልክክ ብሎ ይሰፍራል። ሌተር ግን ለሁለት ሲከፈል ግማሹ ቀጠን ብሎ ስለሚረዝም፣ ጽሑፉ ሲያንስ ባዶ ቦታ ይተርፋል። የኤ መጠኖች ተርታ መነሻ የሆነው ኤ0 ደግሞ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር፣ ኤ4 የዚህ አንድ 16ኛ ነው። ስለዚህ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ወረቀት አንዱ ሉህ 5 ግራም፣ 500 ሉህ የያዘው ደስጣ 2.5 ኪሎ እንደሚመዝን ሚዛን ሳያስፈልግ ይታወቃል። ለፖስታ ክፍያ ይህ ትልቅ እገዛ ነው።

የምጥጥኑን ጥቅም ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1786 በደብዳቤ ገልጾታል። በ1922 የአገሩ ሰው ዋልተር ፖርስትማን የቀረጸው ደረጃ ዲን 476 ተብሎ ጸደቀ፤ በ1975 ደግሞ አይሶ 216 በሚል ዓለም አቀፍ ሆነ። አሜሪካ ከኢንች ጋር ቀረች። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶቿ እንኳ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከሌተር ያነሰ፣ 8 በ10.5 ኢንች ወረቀት ይጠቀሙ ነበር።

ልዩነቱ ችግር የሚሆነው ሰነድ ድንበር ሲሻገር ነው። አዲስ አበባ በኤ4 የተዘጋጀ ደብዳቤ ዋሽንግተን ውስጥ በሌተር ላይ በሙሉ መጠኑ ከታተመ፣ ግርጌው ላይ ያለ ፊርማና ማኅተም ሊቆረጥ ይችላል። ገጹን ከወረቀቱ ጋር የሚያስማማው የፕሪንተር ትእዛዝ ከተመረጠ ጽሑፉ ወደ 94 በመቶ ያንሳል እንጂ አይጎድልም። ልኬቱ መጠበቅ ላለበት የሕንፃ ንድፍ ግን ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ ከመጀመሪያው በተቀባዩ አገር ወረቀት ልክ መሥራት ያስፈልጋል።