ከወህኒ ቤት የወጣ ርዕዮት

ከኦስሎ፣ ኖርዌይ

ስለ እስላማዊ ጽንፈኝነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ነገሩን ከሃይማኖቱ ጋር እኩል ዕድሜ እንዳለው እንቆጥራለን። ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው፤ ዛሬ ጠመንጃ ያነገበው አስተሳሰብ በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን የፖለቲካ ውላጅ ነው።

ሐሰን አል-በና በግብፅ ኢስማዒሊያ የሙስሊም ወንድማማቾችን ማኅበር የመሠረተው በ1928 (እ.ኤ.አ.)፣ አገሩ በእንግሊዝ ጦር ሥር በወደቀችበት ዘመን ነው። የማኅበሩ ታላቅ ብዕረኛ ሰይድ ቁጥብ በ1954 በገማል አብደል ናስር መንግሥት ታሰረ፤ ተገረፈም። በ1964 በታተመው መጽሐፉ፣ ሙስሊም ነኝ የሚለው ኅብረተሰብ ሳይቀር ከእስልምና በፊት ወደነበረው የድንቁርና ዘመን፣ ወደ ጃሂሊያ፣ ተመልሷል ሲል ፈረደ። በ1966 በስቅላት ተገደለ፤ ሐሳቡ ግን አብሮት አልሞተም። ያንኑ ሐሳብ አክርረው «ከሃዲ ገዢን መግደል ግዴታ ነው» ያሉ ወጣቶች በ1981 አንዋር ሳዳትን ገደሉ። ጁን 26 ቀን 1995 ደግሞ ሌላው የግብፅ ቡድን፣ አል-ጀማዓ አል-ኢስላሚያ፣ ሆስኒ ሙባረክን በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ለመግደል ሞከረ።

ይህን ርዕዮት አምርረው ከተቃወሙት ሊቃውንት አንዱ የእኛው የሐረር ተወላጅ ሼህ አብዱላህ አል-ሐረሪ ነበሩ። ቤይሩት ተቀምጠው የቁጥብን ትምህርት በይፋ አወገዙ። አሳዛኙ ነገር፣ ኢሕአዴግ በ2011 የእርሳቸውን ተከታዮች የአሕባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም ሊጭንብን ነው ሲሉ ብዙ ሙስሊሞች አቤት ማለታቸው ነው። መንግሥት ክሱን አስተባበለ። በጃንዋሪ 2012 ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የ«ድምፃችን ይሰማ» ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የመጅሊስ አመራር በነጻ ይመረጥ፤ አስተምህሮ በግድ አይጫን፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። መልሱ እስራት ሆነ። «እስላማዊ መንግሥት ሊመሠርቱ አሤሩ» የተባሉ 18 ሰዎች በኦገስት 2015 በጸረ ሽብር ሕጉ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

በዚያው በ2012 እዚህ ኦስሎ የአንሳር አል-ኢስላም መሥራች ሙላ ክሬካር ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈርዶበታል። የተፈረደበት ግን በግድያ ዛቻው እንጂ በሶላቱ አልነበረም። ሕግ ብቻውን ሁሉን አያድንም፤ በጁን 2022 በዚህችው ከተማ በተከፈተ የሽብር ተኩስ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሆኖም ወንጀለኛን ከምእመን የማይለይ ሕግ፣ ጽንፈኛው «ገዢዎቻችሁ የእምነታችሁ ጠላቶች ናቸው» ብሎ ሲሰብክ ማስረጃ ያቀብለዋል።

ወገኖቼ! የእኛ እስረኞች ከወህኒ ሲወጡ የቁጥብን መንገድ አልተከተሉም፤ ጥያቄያቸውን በሰላም ቀጠሉ። ያተረፈን የእነርሱ ትዕግሥት እንጂ የገዢዎቻችን ጥበብ አልነበረም። በሰው ትዕግሥት ላይ ደግሞ አገር ለዘለዓለም አይቆምም።