ካርቪንግ፦ በጠርዝ መታጠፍ

ካርቪንግ በስኖውቦርድ ተጫዋቾች ዘንድ ሳንቃውን በጎኑ አጋድሞ፣ በብረት ጠርዙ ብቻ በረዶውን እየቆረጡ መታጠፍ ማለት ነው። ለአማርኛ የምናቀርበው ፍቺ «በጠርዝ መታጠፍ» ነው፤ አንዱን ለይተን ስንቆጥረው «የጠርዝ እጥፋት» እንለዋለን። ቃሉ ለስኪም ለስኖውቦርድም ይሠራል። እዚህ የምናየው ግን ነገሩ ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበትን አልፓይን ስኖውቦርድ ነው፤ ጠጣር ጫማ ተጫምተው፣ ረጅምና ጠባብ ሳንቃ ላይ ቆመው የሚወርዱበትን።

የተለየ ስም ለምን አስፈለገው? አማርኛ በበረዶ ላይ የሚደረገውን ጉዞ ሁሉ «መንሸራተት» በሚል አንድ ግሥ ያጠቃልለዋል። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት አገር አቋራጭ ስኪ የበረዶ ሸርተቴ ነው፤ ከተራራ አናት ቁልቁል የሚወረደውም ሸርተቴ ነው፤ ስኖውቦርዱም እንዲሁ። ለጠቅላላ ወሬ ይህ ይበቃል። በጠርዝ መታጠፍ ግን ዋና ሙያው አለመንሸራተት ነው። ሳንቃው ወደ ፊት ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን መሸሽ የለበትም። ጫማው፣ ማሰሪያው፣ ሳንቃው፣ የሰውነት አቋሙም ሳይቀር የተለየው በዚህ አንድ ምክንያት ነው።

ዱካው ምን ይላል?

ልዩነቱን ለማየት ሊፍት ላይ ተቀምጦ ቁልቁል መመልከት ይበቃል። አብዛኛው ሰው ሲታጠፍ የኋላ እግሩን ገፋ አድርጎ ሳንቃውን በቁልቁለቱ አግድም ያዞረዋል። ሳንቃው በረዶውን እየፋቀ ይሸሻል፣ የበረዶ ብናኝ ይረጫል፣ ከኋላው ሰፊ የተፋቀ ቦታ ይቀራል። ይህ መታጠፍም ነው፣ ፍሬንም ነው። በጠርዝ የሚታጠፈው ግን የሳንቃው አፍንጫ (የፊት ጫፉ) በቆረጠበት ጅራቱም (የኋላ ጫፉም) ያልፋል፤ የሚተወው አንድ ቀጭን ቦይ ብቻ ነው። ፍሬን ስላልያዘ ፍጥነቱን የሚገታው እጥፋቱን በመጨረስ ነው፦ ሳንቃው ዞሮ ዞሮ አግድም እስኪሆን፣ አንዳንዴም ትንሽ ወደ ሽቅብ እስኪያይ ድረስ ይጠብቃል።

ሳንቃውን የሚያጥፈው የራሱ ቅርጽ ነው። ከላይ ሲያዩት አፍንጫውና ጅራቱ ሰፋ ብለው መሐሉ እንደ መሶብ ወገብ ገባ ያለ ነው። የጎኑ መስመር የአንድ ትልቅ ክብ ቁራጭ በመሆኑ የዚያ ክብ ሬዲየስ «የጎን ሬዲየስ» ይባላል። ሳንቃው ሲጋደም አፍንጫውና ጅራቱ በረዶውን ይነካሉ፤ መሐሉ አየር ላይ ይቀራል። የሰውየው ክብደት መሐሉን ሲጫነው ሳንቃው ደጋን ሆኖ ይጎብጥና ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሳንቃው የሚሄደው ደጋኑን ተከትሎ ነው።

ይበልጥ በተጋደመ ቁጥር ክቡ ይጠባል። በግምታዊ ስሌት የእጥፋቱ ሬዲየስ የሚገኘው የጎን ሬዲየሱን ሳንቃው በተጋደመበት አንግል ኮሳይን በማባዛት ነው። የጎን ሬዲየሱ 12 ሜትር የሆነ ሳንቃ 60 ዲግሪ ሲጋደም ወደ 6 ሜትር በሚጠጋ ሬዲየስ ይዞራል ማለት ነው። የቁልቁለቱን ተዳፋት ለጊዜው ትተን ብናሰላው፣ በዚያ ክብ ላይ ሳይወድቁ ለመቆየት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል፤ እግሮቹም የሰውየውን ክብደት እጥፍ ይሸከማሉ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለዚያች ቅጽበት 160 ኪሎ ሆኖ አንድ ቀጭን የብረት ጠርዝ ላይ ቆሟል። ለስላሳ ጫማ ይህን ጫና ሲቀበል ይተጣጠፋል፤ እግር ያዘዘው ወደ ጠርዙ የሚደርሰው ዘግይቶና ተሸራርፎ ነው። ጠጣሩ ጫማ የመጣው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው።

የት ይታያል?

ስኖውቦርድ ኦሊምፒክ የገባው በ1998 በናጋኖ ሲሆን ከመጀመሪያዎቹ ውድድሮች አንዱ በተተከሉ በሮች መካከል እየታጠፉ የሚወርዱበት ግዙፍ ስላሎም ነበር። ካናዳዊው ሮስ ሬባግሊያቲ ወርቁን ወስዶ፣ በምርመራ ማሪዋና ተገኘበት ተብሎ ተነጥቆ፣ በይግባኝ ተመልሶለታል። ከ2002 ጀምሮ ውድድሩ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ አንዱ በቀይ አንዱ በሰማያዊ በሮች መካከል የሚወርዱበት ጥንድ ግዙፍ ስላሎም ሆነ። ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018 በፒዮንግቻንግ ይህን ውድድር ከማሸነፏ ከጥቂት ቀናት በፊት ሱፐር ጂ በተባለው የስኪ ውድድርም ወርቅ አግኝታ ነበር። ሁለቱን ስፖርቶች ያገናኛቸው ጠርዝ ነው። ከውድድር ውጭ ደግሞ በስዊዘርላንዷ ዚናል ዣክ ሪልዬና ፓትሪስ ፊቫ ያስታወቁት የአነዳድ ስልት አለ፤ ሰውነትን በረዶው ላይ እስከማስተኛት ድረስ ተጋድሞ መታጠፍ ነው።

ጫማ፣ ማሰሪያ፣ ሳንቃ

ገንዘብ የሚወጣበት ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ ጫማ መጀመሪያ። የኪራይ ሱቆች በብዛት የሚይዙት ለስላሳውን ጫማ ስለሆነ፣ ዴንቨርም ሆነ ሙኒክ ያለ ጀማሪ ያገለገለ ዕቃ ማፈላለጉ አይቀርም። ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚስበው ሳንቃው ነው። ይሁን እንጂ በማይስማማ ሳንቃ ላይ ልክ በሆነ ጫማ መማር ይቻላል፤ እግር ውስጡ በሚዋኝበት ጫማ ግን ምርጡ ሳንቃም አይታዘዝም።

ጠጣሩ ጫማ የፕላስቲክ ቅርፊትና የውስጥ ልባስ ያለው ሲሆን በሦስት ወይም በአራት ዘለበት ይዘጋል። የስኪ ጫማ ቢመስልም ሶሉ አጠር ያለ ነው፤ ወደ ፊት የሚያዘነብልበት መጠንም ይስተካከላል። የፊተኛው እግር ቀና፣ የኋለኛው ጎንበስ ስለሚል ሁለቱ ጫማዎች አንድ ዓይነት ዝንባሌ አይሰጣቸውም። መጠኑ የሚነገረው በሞንዶ ነው፤ ሞንዶ የእግር ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ተረከዝን ግድግዳ አስጠግቶ ቆሞ የተለካ እግር 27 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚፈለገው 27 ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ልባሱን አውጥቶ እግርን ባዶው ቅርፊት ውስጥ ማስገባት፣ ጣቶቹ ፊቱን ለስለስ አድርገው ሲነኩ ከተረከዝ ኋላ የሚቀረውን ክፍተት ማየት። ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከበለጠ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይቅር። ዕድሜውም ይጠየቅ፤ ያረጀ ፕላስቲክ በብርድ ድንገት ይሰነጠቃል፣ ያ ደግሞ በፍጥነት ላይ ሲሆን አደጋ ነው።

ማሰሪያው ሳንቃው ላይ በብሎን የሚጠብቅ ጠፍጣፋ ሲሆን የጫማውን ፊትና ኋላ በወፍራም የብረት ቀለበት ቆልፎ ይይዛል። ተረከዝን በመርገጥ ብቻ የሚቆለፍም ዓይነት አለ። እንደ ስኪ ማሰሪያ ሲወድቁ አይፈታም። የፊተኛው እግር በጣቱ በኩል፣ የኋለኛው በተረከዙ በኩል ከፍ እንዲል ከሥር 3 ዲግሪ ያህል ሽብልቅ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ጉልበትን ያሳርፋል። ብሎኖቹ ከመጀመሪያው ቁልቁለት በኋላ ይላላሉና ካቻቢቴ ከኪስ አይጥፋ።

እግር የሚቀመጥበትን አንግል የሚወስነው የሳንቃው ስፋት ነው። የለስላሳ ጫማ ሳንቃ ወገቡ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአልፓይኑ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 21 ነው። እንዲህ በጠበበ ሳንቃ ላይ እግር አግድም ቢቀመጥ ጣትና ተረከዝ ከጠርዙ ያልፋሉ፤ ሲጋደሙ ጫማው በረዶውን ነክቶ ጠርዙን ከቦዩ ያወጣውና ሰውየው ይወረወራል። ስለዚህ ሁለቱም እግሮች ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ወደ ፊት ይዞራሉ። ልኩን ለማወቅ ጫማውን ማሰሪያው ውስጥ ቆልፎ ሳንቃውን ወለል ላይ ማስቀመጥና ከላይ ሆኖ ማየት ነው፦ ጫማው ከጠርዙ ካለፈ አንግሉ ይጨመር፣ ብዙ ወደ ውስጥ ከገባ ይቀነስ። ኋላ እግር ከፊተኛው ጥቂት ዲግሪ ያነሰ ቢሆን ለዳሌ ይመቻል።

ሳንቃውን በተመለከተ ለጀማሪ የውድድር ሳንቃ አይሆንም። የስዊዘርላንዱ ኬስለር፣ በቱሪን የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው ኦስትሪያዊው ዚጊ ግራብነር ያቋቋመው ኤስጂ፣ የኮሎራዶው ዶኔክ ስመ ጥር ሠሪዎች ናቸው። ብዙዎቹ ሳንቃዎች ውስጥ ቲታናል የሚባል ስስ ብረት አለ፤ ስሙ ቲታኒየም ያስመስለዋል እንጂ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፣ ጥቅሙም ንዝረትን ማብረድ ነው። ከ180 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው የግዙፍ ስላሎም ሳንቃ በዝግታ ለሚሄድ ሰው አልታጠፍም ይላል። 160ዎቹ ውስጥ ያለ፣ የጎን ሬዲየሱ ከ10 እስከ 12 ሜትር የሆነ ሳንቃ በመጠነኛ ፍጥነትም ይዞራል።

እንዴት ይለመዳል?

ቦታው ገር ያለ፣ ሰፊና በማሽን የተደለደለ ቁልቁለት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ሰው ሳይበዛ ማለዳ። የመጀመሪያው ልምምድ እጥፋት የለበትም፦ ቁልቁለቱን አግድም እየቆረጡ ሳንቃውን ትንሽ አጋድሞ ዝም ብሎ መቆም። ሳንቃው ራሱ ቀስ እያለ ወደ ሽቅብ ዞሮ ይቆማል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ዱካውን ማየት ነው። ቀጭን መስመር ከሆነ ተሳክቷል፤ ከተፋቀ፣ የኋላ እግር ገፍቷል። ይህ በጣት ወገንም በተረከዝ ወገንም ሲሳካ ይበልጥ ወደ ቁልቁል አቅጣጫ እየጀመሩ መደጋገም፣ በመጨረሻም ሁለቱን ወገን ማገናኘት ይከተላል።

የጀማሪ ዋነኛ ችግር ችኮላ ነው። ሳንቃው ወደ ቁልቁል ሲያይ ፍጥነቱ ያስደነግጥና እግር ለመግፋት ይቸኩላል፤ ያኔ ጠርዙ ይለቃል። ሁለተኛው፣ በረዶውን በእጅ ለመንካት ከወገብ መጉበጥ ነው። መታጠፍ ያለበት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው፤ ዓይን ደግሞ ከአፍንጫው ሥር ሳይሆን እጥፋቱ ወደሚያልቅበት ያይ። የተረከዙ ወገን ለአብዛኛው ሰው ይከብዳል፣ መቀመጫ ወደ ኋላ ይወጣልና። ደረትን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ማዞር ይረዳል።

በጠርዝ የሚታጠፍ ሰው ቁልቁለቱን ከዳር እስከ ዳር ስለሚጠቀምበት ከላይ የሚመጣው የት እንደሚዞር ላይገምት ይችላል። በዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ደንብ መንገዱን መርጦ የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ከኋላ የሚመጣው ነው፤ ሆኖም ያው ደንብ ከቆመበት የሚነሣውም ሆነ ወደ ሽቅብ የሚዞረው ሰው ላይና ታች እንዲያይ ያዛል። እጥፋትን ወደ ሽቅብ የሚጨርስ ሰው በሁለተኛው ውስጥ ይገባል።

ስለ ፍቺው

ሌሎችም አማራጮች ነበሩ። «ቀረጻ» ለእንግሊዝኛው ቃል የመጀመሪያ ትርጉም ይቀርባል፤ ዛሬ ግን ሰሚው የሚያስበው ካሜራና ድምፅ ነው። «ጠረባ» የአናጢ ነው፤ ሲጠረብ ፍቅፋቂ ይወድቃል፣ እዚህ ደግሞ ፍቅፋቂ የጥፋት ምልክት ነው። «በጠርዝ መታጠፍ» በምን እንደሚደረግና ምን እንደሚደረግ አብሮ ይናገራል፤ ተቃራኒውም «መሸሽ» የሚል አጭር ቃል ያገኛል። የውድድር ዘጋቢ «በሰማያዊው መስመር ያለችው እስከ አራተኛው በር በጠርዝ እየታጠፈች መጣች፤ አምስተኛው ላይ ሳንቃዋ ሸሸባት» ቢል፣ በረዶ ረግጦ የማያውቅ አድማጭም ጊዜዋ የት እንደባከነ ይረዳል።